መልሱ ሐ ነው

«ይቺ ትራስ ዝቅ ብላብኛለች» አሉ እናትየው ለነርሷ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ወጣቷ ነርስ ደግ ልጅ ናት። እንደ አንዳንዶቹ «ትራስ የለም» ብላ ፊቷን አላዞረችም። ከባዶ አልጋ ላይ አንድ ትራስ አንስታ አመጣች፤ ከሴትዮዋ ጀርባ ሸጎጠች፤ አንሶላውን አስተካከለች። «አሁንስ ተመቸዎት እማማ?» ብላ ትከሻቸውን ዳበስ አድርጋ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ከራስጌ የተሰቀለው ጉሉኮስ ማንም ልብ ሳይለው ይወርዳል። ሴትዮዋ አሳሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አሳሉ። ከዚያ ብድግ አሉና እግራቸውን አንጠልጥለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ልጃቸው በጠያቂ ሰዓት የደረሰችው በዚህ መሃል ነው። የነርስ ኮሌጅ መምህርት ናት። በአንድ እጇ ብርቱካን የያዘ ፌስታል፣ በሌላው የታጠበ የሌሊት ልብስ ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ሳሉን ሰማችው። ብርቱካኖቹ አልጋ ሥር ሲንከባለሉ እሷ የጉሉኮሱን መቆጣጠሪያ በአውራ ጣቷ ጥርቅም አድርጋዋለች። እናቷን ቀና አድርጋ በራሷ ደረት አስደገፈችና፣ «ሐኪም ጥሪ! ኦክስጅን አምጪ! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ!» ብላ ጮኸች።

ሐኪሙ መጣ፣ መርፌ ተሰጠ፣ ኦክስጅን ተገጠመ። የገባው ፈሳሽ ከልባቸው አቅም በላይ ሆኖ ወደ ሳንባቸው መሄድ ጀምሮ ነበር። አመሻሹ ላይ እናትየው ትንፋሻቸው ሳይቆራረጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ እሱም የሆስፒታሉ ሾርባ ጨው የለውም የሚል ነበር። ያን ጊዜ ልጃቸው እፎይ አለች።

እፎይ ስትል ንዴቷ መጣ። ወጣቷን ነርስ ኮሪደር ላይ አቆመቻት። ልጅቷን አስተምራታለች፤ ባለፈው ዓመት ነው የተመረቀችው፣ ያውም በጥሩ ውጤት።

«ጉሉኮስ ላይ ያለ በሽተኛ ትንፋሽ ሲያጥረው ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ ቀጥ ብላ ቆመች። «ሐ፣ መምህርት።»

«ምን?»

«መልሱ ሐ ነው። ፈተናው ላይ ነበረ እኮ። አግኝቼዋለሁ።»

እውነቷን ነው፣ አግኝታዋለች። በቀይ እስክሪብቶ ራይት ያደረገችላት መምህርቷ ራሷ ናት። ይባስ ብሎ ጥያቄውን የጻፈችውም እሷው ናት። ፈተናው ላይ «በሽተኛው ትንፋሽ ቢያጥረው» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አልጋው ላይ የተኙት ሴትዮ ግን ትንፋሽ አጠረኝ መቼ አሉ? ትራሴ ዝቅ አለብኝ ነው ያሉት። መምህርቷ ልጅቷን ሳትቆጣት ወደ እናቷ አልጋ ተመለሰች።

ይቺን መምህርት ተማሪዎቿ «ወንፊት» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ሊያበሽቋት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሽልማት ተቀብላ ኖረች። ምን ታድርግ፣ ፈተናዬ እንክርዳዱን ከስንዴው ይለያል ብላ ታምናለቻ! ጥያቄ ስትጽፍ ሻይዋ ይቀዘቅዛል፣ ስልኳ ጮኾ ጮኾ ይተዋል። ትክክለኛው መልስ ላይ እንከን እንዳይገኝበት አንድ ቃል ትጨምራለች፣ ነጠላ ሰረዝ ታደርጋለች፣ ሌላ ቃል ትጨምራለች። ሦስቱን የተሳሳቱ ምርጫዎች ግን ደወል ሊደወል ሲል ነው የምትሞላቸው። ለስህተት ደግሞ ማን ይጨነቃል?

እናቷ ከሆስፒታል ወጥተው እሷ ቤት ባረፉ በመጀመሪያው እሁድ፣ ያለፈውን ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ፈተና ከሚቆለፍበት የኮሌጁ ካዝና ያወጣችው አይደለም። ፈተናው ካለቀ በኋላ ለተማሪው ይመለሳል፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ከሙሽራ ፎቶ ጎን ለጥፎ ይሸጠዋል። ለአንድ ወረቀት ሦስት ተማሪ ሲሻማ አልፋ ነው የገዛችው።

ወንድሟ ሶፋው ላይ ተዘርፍጦ ነበር። ታክሲ ሹፌር ነው፤ በዕድሜ ያንሳታል፣ በምላስ ይበልጣታል። እናቱን ጠይቆ ጨርሶ አሁን እህቱን መነካካት ጀምሯል።

«እስቲ አምጪው እታለም፣ እኔም ልፈተን።»

«አንተ? የደም ሥርን ከነዳጅ ቱቦ የማትለይ?»

«ብወድቅ ምን ገደደሽ? የምትጥይው ሰው አጥተሽ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ልትስቅ ብላ ተወችው። እስክሪብቶ ወረወረችለት። «ተፈተን» አለች።

«ልጄ፣ እንዳትኮርጅ» አሉት እናትየው ከአልጋቸው።

«ከማን እማዬ? ከድመቷ?»

ምሳ ሳይቀርብ ጨርሶ አስረከበ። መምህርቷ ማረም ስትጀምር ፈገግ ብላ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ፈገግታዋ ጠፋ። መጨረሻው ገጽ ላይ ደምራ፣ አላመነችም፣ እንደገና ደመረች። ማለፊያው ስልሳ ነው። የታክሲ ሹፌሩ ስልሳ ስምንት አምጥቷል።

«ማን ነገረህ?»

«ፈተናው ራሱ ነዋ!» ሶፋው ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ዛሬ አስተማሪ መሆኑ ነው። «ይኸውልሽ፤ ረጅሙን መልስ ትመርጫለሽ። ‹ሁልጊዜ› ወይም ‹በፍጹም› የሚል ካየሽ ዘለሽ ታልፊያለሽ። ‹ሁሉም መልስ ናቸው› ካለ ዓይንሽን ጨፍነሽ እሱን ነው። ሁለቱ ከተጣሉ ከሁለቱ አንዱ ነው። ካቃተሽ ሐ። የመንጃ ፈቃዴን የጽሑፍ ፈተና በዚሁ ነው ያለፍኩት።»

«አነዳድህ አሁን ገባኝ።»

«አንቺ ትቀልጃለሽ። ይቺን ስሚማ።» ወረቀቱን አነሳ። «‹በጉሉኮስ ላይ ያለ በሽተኛ ትንፋሽ ቢያጥረው ነርሷ ምን ታደርጋለች? ሀ፣ ምንም አታደርግም። ለ፣ ሁልጊዜ ፈሳሹን ትጨምራለች። ሐ፣ የፈሳሹን ፍጥነት ትቀንሳለች፣ በሽተኛውን ቀና አድርጋ ታስቀምጣለች፣ ለሐኪም ታሳውቃለች፣ በመዝገቡም ላይ ታሰፍራለች። መ፣ በሽተኛውን ትቆጣለች።› በሽተኛውን ትቆጣለች! ይሄንን የጻፈው ሰው ጠጥቶ ነበር እንዴ?»

ጠጥታ አልነበረም። ደወል ተደውሎባት ነበር።

የራሷ ያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ስንት ዓመት የሰው ጥያቄ ስታማስል ኖራለች! በየስብሰባው «ይሄ ቃል አሻሚ ነው፣ ያኛው ግልጽ አይደለም» ስትል፣ የራሷ ድስት ታች ድረስ አርሮ ኖሯል። ወንድሟ ያገኛቸውን በየመምህሩ ለይታ ስትቆጥር የእሷ ክፍል በሰፊው መራ። ምክንያቱም የእሷ ትክክለኛ መልሶች ከሁሉ ይበልጥ ረጃጅም፣ ከሁሉ ይበልጥ በነጠላ ሰረዝ ያጌጡ ነበሩ።

«ወንፊትሽ ተቀዷል እታለም» አላት ወንድሟ እየሳቀ።

«እማዬ በዚህ ቀዳዳ ነበር የምትወድቀው» አለች።

ሳቁን አቆመ። ሁለቱም ወደ አልጋው ዞረው ተመለከቱ። እናትየው ምን እንደተባለ አልሰሙም፤ ብርቱካን እየላጡ ነበር።

«ይሄ ፈተና ዘንድሮ ተመልሶ አይወጣም» አለች መምህርቷ።

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«ማንም።»

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቅጽል ስሙ «መቶ በመቶ» ነው። ከወንበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተማሪዎች የማለፍ ውጤት በግራፍ ተስሏል፤ መስመሩ በየዓመቱ ሽቅብ ይወጣል፤ አሁንስ ጣሪያውን ሊነካ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። አንደበቱ ማር ነው፣ የሰው እናት መታመሟን አይረሳም። ችግሩ፣ መስመሩ ቁልቁል ሲወርድ ማየት ከራሱ ደም መፍሰስ ይበልጥ ያስደነግጠዋል።

«እናትዎ ተሻላቸው?» አላት ሰኞ ቢሮው ስትገባ።

«ተሻላቸው። ሊገድላቸው የነበረው ነገር ግን ይኸው ካዝናዎ ውስጥ ነው ያለው።»

ነገሩን ሁሉ ነገረችው፤ ትራሱን፣ ሐን፣ ሁሉንም። ወንድሟን ብቻ ለራሷ አስቀረች። ኃላፊው ጣቶቹን አቆላልፎ በትዕግሥት ሰማት።

«አዝናለሁ። ከልቤ» አለ። «ግን ለአንድ ትራስ ብለን የሠራነውን ቤት አናፈርስም። ልጆቹ ያልፋሉ፣ ወላጅ ይደሰታል፣ ቦርዱ ይደሰታል። ዝም አይነቅዝም፣ እመቤቴ።»

«ዝም አይነቅዝም። በሽተኛ ግን ይሞታል።»

«እርስዎ ደግሞ ነገር ያጋንናሉ።» ድምፁ አሁንም ማር ነው። «ኮንትራትዎ በቅርቡ ለእድሳት ይመጣል፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። እናት የሚያስታምም ሰው ደግሞ ሥራውን መጠበቅ አለበት። ለእርስዎው ብዬ ነው።»

ነገሩ ገብቷታል። ከዚህ ሥራ ብትወጣ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም፤ የእናቷ መድኃኒት፣ የቤቱ ኪራይ፣ ሁሉም በእሷ ትከሻ ነው። ግን ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብላ «ሐ» ያለችው ልጅ ከፊቷ አልጠፋ አለች።

«ጥያቄዎቹ ይቀየራሉ» አለች። «የእኔ ብቻ ሳይሆኑ የሁላችንም።»

«ይሄንን ኮሚቴው ነው የሚወስነው» አለ መቶ በመቶ። ኮሚቴውን ያውቀዋል፤ ሻዩን ጠጥቶ የሚፈርም ኮሚቴ ነው።

«ይወስን» ብላ በሩን ዘግታ ወጣች። ወይ ፍንክች!

በማግስቱ ወጣቷን ነርስ ፍለጋ ሆስፒታል ሄደች። ልጅቷ ከኋላ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላ ነበር። መምህርቷን ስታይ ሳህኑን ይዛ ብድግ አለች፤ ልትከሰስ መስሏታል።

«ተቀመጪ። መልስ አልፈልግም» አለች መምህርቷ አጠገቧ ደረጃው ላይ እየተቀመጠች። «ስህተትሽን ነው የምፈልገው። ያን ዕለት በልብሽ ምን ነበር ያሰብሽው?»

ልጅቷ ሳህኗን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። «ትራስ ሲሉኝ… ትራስ መሰለኝ» አለች። «የተመቻቸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፣ መምህርት። ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት።»

መምህርቷ ስንት ዓመት ስታስተምር ያልገባት ነገር ያኔ ደረጃው ላይ ገባት። የተሳሳተ ምርጫ ማለት ደወል ሲደወል የሚሞላ ባዶ ቦታ አልነበረም። «በሽተኛውን ትቆጣለች» ብሎ የሚመርጥ ነርስ በዓለም ላይ የለም። ደግ ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ፣ ደስ እያላት የምትሳሳተው ስህተት ነው እዚያ መግባት ያለበት። ያንን ደግሞ ከመጽሐፍ አታገኘውም፤ ለምና ከሰው ነው የምትወስደው።

ለመነችም። በየዋርዱ እየዞረች የሰው ስህተት ሰበሰበች። መጀመሪያ ሁሉም አፉን ዘጋ። ወጣቷ ነርስ የትራሱን ነገር ራሷ ስትናገር ግን የሌሎቹም አፍ ተፈታ፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ «የእኔ ይብሳል» እያለች ትቀጥላለች። አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ሰውየው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ሲላት አምናው ፋሻውን ገልጣ ሳታይ እንደሄደች፣ ስትመለስ አንሶላው ሥር ያለው ፍራሽ በደም እንደራሰ ነገረቻት። ያም ጥያቄ ሆነ።

ከዚያ መጻፍ ነው። ትክክለኛው መልስ ሲረዝም ትቆርጠዋለች፤ ስህተቱ ሲያጥር ታስረዝመዋለች፤ አራቱም በቁመት እስኪተካከሉ። «ሁልጊዜ»ን አባረረች፣ «በፍጹም»ን አባረረች፣ «ሁሉም መልስ ናቸው»ን እስከ ወዲያኛው ሸኘችው። በሽታውን በስሙ ከመጥራት ይልቅ በሽተኛውን ታናግራለች። ጽፋ ጮክ ብላ ታነባለች፣ አንብባ ትሰርዛለች። ወንድሟ «አንዷን ብቻ አሳይኝ» እያለ ቢለማመጣትም ወረቀቶቹን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች።

ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት አራት ሰው ነበር፤ መቶ በመቶ፣ እሷ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የአዋላጅነት መምህርት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው አዛውንቱ የመድኃኒት መምህር። ሻይ ቀረበ።

«ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት» አለች መምህርቷ፣ «አንድ የመልስ ወረቀት ይዣለሁ። ያለፈው ዓመት ፈተና ነው። ስም የለበትም። አይታችሁ ፍረዱልኝ።»

መቶ በመቶ ተቀብሎ ገለጠው። «ስልሳ ስምንት። ደህና ነው፣ አማካይ ተማሪ። በመድኃኒት እንዲያውም ጎበዝ ነው።»

«አልፏል?»

«በደንብ እንጂ።»

«ዋርድ ይግባ?»

«ምን ያግደዋል?»

«እርስዎ ቢታመሙ መርፌ ይውጋዎት?»

«እመቤቴ፣ የኮሌጃችን ልጅ ካልወጋኝ ማን ሊወጋኝ ነው?»

መምህርቷ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች። ታች በር ላይ አንድ ሰው ታክሲው ላይ ተደግፎ ለውዝ እየቆረጠመ ልጣጩን ይተፋል። እጇን አውለበለበችለት፤ እሱም በደስታ መለሰላት።

«ያውልዎት። ወንድሜ ነው። ከነርስነት የሚያውቀው የእኔን ቁጣ ብቻ ነው።»

የአዋላጅነት መምህርቷ ሻይዋ ትን አላት። ጋሼ ተነስተው በመስኮቱ ቁልቁል ተመለከቱ፣ ቆይተው ተቀመጡ። መቶ በመቶ ግን ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ማሩም አለቀ፣ «እርስዎ»ውም አለቀ።

«ፈተና አውጥተሻል! የኮሌጁን ፈተና ለታክሲ ሹፌር! ይሄ ዛሬውኑ ያስባርርሻል!»

«ያለፈው ዓመት ነው እኮ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ይሸጣል።»

«ቢሸጥስ! ዘንድሮ የምናወጣው እኮ ያንኑ…»

እዚያ ላይ ቆመ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይሉ የለ? መቶ በመቶ አፉን ሊዘጋው ፈልጎ ነበር፤ ግን ዘግይቷል። በየዓመቱ «ፈተናው ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው» ብሎ ለቦርዱ የሚፈርመው እሱ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ጨርሰው እንጂ» አሉት በዝግታ። «ዘንድሮ የምናወጣው ምኑን?»

የአዋላጅነት መምህርቷ እስክሪብቶዋን ቃለ ጉባኤው ላይ እንደደቀነች ኃላፊውን ታያለች።

«ይጻፍ» አለች መምህርቷ። «የእኔም ስም አብሮ ይጻፍ። እኔም አሮጌውን እየገለበጥኩ ነው የማስገባው። ወንድሜ ከሁላችሁም ይልቅ ከእኔ ክፍል ነው የዘረፈው። ግን አሁን አውቄያለሁ፤ ካወቅኩ በኋላ አልፈርምም። አባሩኝ እንጂ አልፈርምም!»

«የእኔን ጥያቄዎች ስንቱን አገኘ?» አሉ ጋሼ።

«አብዛኛውን ጋሼ።»

«የመድኃኒቱን መጠን አስልቶ?»

«‹ሁሉም መልስ ናቸው› የሚለውን መርጦ።»

ሽማግሌው ከፊታቸው የነበረውን የራሳቸውን የጥያቄ ጥራዝ ለሁለት አጠፉት፣ እንደገና አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። «በዚህ ዕድሜዬ የሹፌር መጫወቻ አደረጋችሁኝ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም። «እኔም አልፈርምም።» የአዋላጅነት መምህርቷም ቀና ብላ፣ ደፈር ለማለት አንዴ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «እኔም» አለች። ያለ ሦስቱ ፊርማ ፈተና አይታተምም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የኮሚቴው ሻይ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

አዲሱ ፈተና ወጣ። ተማሪዎቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ፊታቸው ከስሎ ነበር። «ምን ዓይነት ፈተና ነው? ሁሉም መልስ ይመስላል!» ይላሉ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያባዛው ወረቀት ለለውዝ መጠቅለያ ሆነ። ውጤቱ ሲለጠፍ ሩቡ ወድቋል። ከወደቁት መካከል መምህርቷ የምትወዳት፣ ፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ነበረች። ቢሮዋ መጥታ ስታለቅስ መምህርቷ እንባዋን ጠረገችላት፤ ግን አንድ ነጥብ አልጨመረችላትም። የወደቁትን ሁሉ ይዛ ዋርድ ገባች። መጽሐፍ አስቀምጡ አለቻቸው። አልጋ አጠገብ ቁሙ፣ ሰውዬው የሚለውን ስሙ፣ ከዚያ ያላለውን ንገሩኝ አለቻቸው። በድጋሚው ፈተና ያቺ ተማሪ አለፈች፣ ብዙዎቹም አለፉ፤ ጥቂቶቹ አላለፉም።

የመቶ በመቶ መስመር ከጣሪያው ወርዶ መስኮቱ ጋ ደረሰ። እሱም ዝም አላለም። መምህርቷን ከፈተና ኮሚቴው አስወጣት፣ ኮንትራቷን ለግማሽ ዓመት ብቻ አደሰው፣ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በእጇ ሰጣት። መቀበሏን እንድትፈርም ሲጠይቃት «ደርሶኛል፤ አልስማማም» ብላ ከፊርማዋ በላይ ጻፈችበት።

«ከኮሚቴው ወጥተዋል እኮ» አላት፣ ያልገባት መስሎት።

«በበር ካስወጡኝ በመስኮት እገባለሁ» አለችው። «መስኮቱን ደግሞ ያውቁታል።»

በዚያው እሁድ መምህርቷ ቤት ተሰብስበው ነበር። ማስጠንቀቂያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ክብ የእርጥበት ምልክት ሠርቷል። ወንድሟ ፈተናውን እንደገና ይዟል፣ አሁን አዲሱን። ፈተናው አልቋል፣ ተመልሶም አይወጣም፤ ስለዚህ ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችው።

እየዘፈነ ጀመረ። አንደኛው ገጽ ላይ ዘፈኑ ቆመ። ሁለተኛው ላይ ራሱን ያክ ጀመር።

«እታለም፣ ይሄ ፈተና ተንኮል አለው። ሁሉም እኩል ናቸው እኮ!»

«ሥራህን ሥራ።»

ጨርሶ ሲሰጣት አረመችው። ሃያ ሦስት። ደግማ አልደመረችም፤ ብድግ ብላ እልል አለች። ስንቱን ስትጥል የኖረች መምህርት በሰው መውደቅ እንዲህ ስትፈነድቅ ያያት የለም። የወንድሟን ግንባር ስማ፣ «ወደቅክ! ወደቅክልኝ!» እያለች አቀፈችው። እሱም ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

«ስለ እኔ የጻፍሽው የቱ ነው?» አሉ እናትየው ከአልጋቸው። «አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው። «‹አንዲት አሮጊት በትውከት ተዳክመው ተኝተዋል፤ ጉሉኮስ እየወረደላቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ሳል ጀመራቸው። ትራሱ ዝቅ ብሎብኛል ይላሉ፣ ሁለት ጊዜም ተነስተው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?›»

«እሱንስ አግኝቼዋለሁ!» አለ ወንድሟ። «ለ ነው ያልኩት። ሌላ ትራስ አምጥቼ በደንብ አስደግፋቸዋለሁ። ትራስ ዝቅ አለብኝ ላለ ሰው ምን ላምጣ፣ መሪ ላምጣ?»

እናትየው ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ገደልከኝ በላ» አሉት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። እናቱን አየ፣ ከጀርባቸው የተደረደሩትን ትራሶች አየ፤ ጠዋት ራሱ ነበር ያስተካከላቸው። ወረቀቱን አስቀምጦ ወደ እህቱ ዞረ።

«መልሱ የቱ ነው?»

«ፊደሉን አልነግርህም» አለች መምህርቷ። «ና ወዲህ። እጅህን ከጀርባዋ አግባና ትንፋሿን ስማ።»